«ነጭ ሳንባ» የሚባል በሽታ አለ? ራጅና ሲቲ ስካን ስለ ቫይረስ ሳንባ ምች የሚነግሩንና የማይነግሩን

በኖቬምበር 2023 «ነጭ ሳንባ» የሚል ስም ከዜና ወደ ቴሌግራም፣ ከቴሌግራም ወደ ቤተሰብ ግሩፕ ዞረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሰሜን ቻይና ሳልና ትኩሳት የያዛቸው ሕፃናት ሆስፒታል አጨናንቀው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ኖቬምበር 22 ቀን ዝርዝር መረጃ ጠየቀ። በማግስቱ የመጣው መልስ አዲስ ተሕዋስ አልተገኘም የሚል ነበር። ኢንፍሉዌንዛ፣ አርኤስቪ፣ አዴኖቫይረስ፣ ማይኮፕላዝማ፤ ሁሉም ሐኪሞች ለዓመታት የሚያውቋቸው ናቸው።

በዚያው ሰሞን በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት ዋረን በሚባል ካውንቲ፣ ከኦገስት ጀምሮ 142 ሕፃናት ሳንባ ምች እንደያዛቸው ተነገረ። ጋዜጦች ሁለቱን ወሬ አገናኙና ስሙን ለጠፉበት። የካውንቲው ጤና ቢሮ አዲስ በሽታ ነው የሚያሰኝ ምልክት አላየሁም ቢልም ስሙ ቀድሞት ሄዷል። በጃንዋሪ 2025 ኤችኤምፒቪ የተባለው ቫይረስ መነጋገሪያ ሲሆንም ያው ድንጋጤ ተመልሶ መጣ። ቫይረሱ ግን በ2001 በኔዘርላንድስ ተለይቶ የታወቀ ነው።

«ነጭ ሳንባ» የበሽታ ስም አይደለም። ፎቶ ላይ የታየ ነገር ነው። በምስሉና በበሽታው መካከል ያለው ርቀት ብዙ ሰው ከሚያስበው ይሰፋል። ግራ መጋባቱም፣ አላስፈላጊ ወጪውም፣ አንዳንዴ የተሳሳተው ሕክምናም የሚነሣው ከዚህ ነው።

ነጩ ነገር ምንድን ነው?

ራጅ የጥላ ሥዕል ነው። ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ጨረሩን ካገኘው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ጨረሩ በአንድ ወገን ይገባል፣ በሌላው ወገን ያለው ሰሌዳ ያለፈውን ይቀበላል። አየር አያግደውም፤ ጥቁር ይወጣል። አጥንት ያግደዋል፤ ነጭ ይወጣል። ሥጋ፣ ደምና ውሃ መሃል ላይ ናቸው። ጤነኛ ሳንባ አብዛኛው አየር ስለሆነ ጠቆር ብሎ ይታያል።

ሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ኦክስጅን ወደ ደም የሚሻገረው በእነሱ ስስ ግድግዳ ነው። ቫይረስ ሲገባ ግድግዳው ያብጣል፤ ከደም ሥር ፈሳሽ ይሰርጋል። አየር በነበረበት ቦታ ፈሳሽ፣ የሞቱ ሴሎችና የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይከማቻሉ። አየሩ ሲለቅ ጥቁሩ ይጠፋል። ነጩ ይኸው ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ዳማከሴ የሚታሽለት «ምች» እና «ሳንባ ምች» የሚጋሩት ስሙን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፀሐይ መታኝ የሚባልበት ነው። ሁለተኛው የሳንባ ሥጋ ራሱ የታመመበት ነው።)

ነጩ ደረጃ አለው። ቀለል ያለው ሐኪሞች «ግራውንድ ግላስ» የሚሉት ነው። የመታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ ያለውን ደብዛዛ መስታወት ያስቡት። ብርሃን ያሳልፋል፣ ከኋላው ያለው ሰው ግን በጭጋግ ይታያል። በሲቲ ላይም ሳንባው ጭጋግ ይለብሳል፣ የደም ሥሮቹ ግን ከጭጋጉ ውስጥ ይለያሉ። ከረጢቶቹ ሙሉ በሙሉ ሲሞሉ ጭጋጉ ይደፈናል፤ የደም ሥሮቹም አይለዩም። ይህ «ኮንሶሊዴሽን» ይባላል። የራዲዮሎጂ ሪፖርት ላይ ሁለቱ ቃላት በብዛት ስለሚገኙ ማወቁ አይከፋም።

በራጅና በሲቲ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ድፎ ዳቦ ከውጭ በማየትና ቆርሶ በማየት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ራጅ የደረትን ፊት፣ መሃልና ጀርባ በአንድ ጥላ ላይ ይደራርባቸዋል። ከልብ ጀርባ የተደበቀ ትንሽ ጭጋግ ሊያመልጠው ይችላል። ሲቲ ስካን ማሽኑ በሰውየው ዙሪያ እየዞረ ደረቱን በስስ ቁርጥ ያሳያል። ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የመጀመሪያውን ታካሚ በሲቲ ያየው በ1971 ነው፤ በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር ኖቤል አግኝቶበታል። የጥግግት መለኪያውም በስሙ ይጠራል። ውሃ 0 ነው፤ አየር ከዜሮ በታች 1000። ጤነኛ ሳንባ ከዜሮ በታች 850 አካባቢ ይገኛል። ስለዚህ ሲቲ ገና በዓይን የማይያዝ የሚመስለውን ጭጋግ ሳይቀር ያወጣዋል። ጥንካሬው ይህ ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ጭጋግ፣ ብዙ ምክንያት

ምስል ጉዳቱን ያሳያል እንጂ ጉዳት ያደረሰውን አይጠራም። ኮቪድ በሲቲ ላይ የሚያዘወትረው መልክ አለ። በሁለቱም ሳንባ፣ ከታችና ከዳር በኩል የተበታተነ ጭጋግ ነው። ይህን መልክ ያየ ራዲዮሎጂስት በወረርሽኝ ወቅት ቢጠረጥር ትክክል ነው። ኢንፍሉዌንዛም ግን እንዲህ ሊመስል ይችላል። የልብ ድካም ያመጣው የሳንባ ውሃም ጭጋግ ያሳያል። የሳንባ ውስጥ መድማትም፣ አንዳንድ መድኃኒቶች የሚያስከትሉት የሳንባ ቁጣም እንዲሁ።

ለኢትዮጵያ ሐኪም ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው ኒሞሲስቲስ የተባለው የፈንገስ ሳንባ ምች ነው። ኤችአይቪ መከላከያውን ያዳከመበት ሰው ላይ ይመጣል፣ መልኩም በሁለቱም ሳንባ የተዘረጋ ጭጋግ ነው። ከኮቪድ ጋር በቀላሉ ይምታታል። መድኃኒቱ ግን ፍጹም ሌላ ነው። ሁለተኛው ቲቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው የሳንባ ክፍል ይጀምራል፣ ጉድጓድ ይሠራል፣ ጠባሳ ይተዋል። ሁልጊዜ በደንቡ አይሄድም እንጂ።

የ2023ቱ የሕፃናት ጉዳይ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። በብዛት ስሙ የተነሣው ማይኮፕላዝማ ቫይረስ አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው። እንደ አዚትሮማይሲን ባሉ አንቲባዮቲኮች ይታከማል። አርኤስቪ ግን ቫይረስ ነው፤ በአንቲባዮቲክ አይነካም። ሁለቱም ሳንባን ነጭ ሊያደርጉ ይችላሉ። «ነጭ ሳንባ» የሚለው ስም አንዱ የያዘውን ሕፃንና ሌላው የያዘውን ሕፃን አንድ ላይ ይከታቸዋል። ለወላጅም ለሐኪምም የሚጠቅም ስም አይደለም።

በዉሃን ምን ሆነ?

በምስል ብቻ በሽታን መሰየም ምን እንደሚያመጣ በትልቁ የታየው በፌብሯሪ 2020 ነው። ዋና ከተማዋ ዉሃን በሆነችው በቻይና ሁቤይ ግዛት የኮቪድ ፒሲአር ምርመራ ወረፋው ረዝሞ ነበር። (ፒሲአር የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ በተወሰደ ናሙና የሚያበዛና የሚያገኝ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።) ስለዚህ ግዛቱ ምልክት ያለበትንና ሲቲው ሳንባ ምች የሚያሳየውን ሰው፣ ፒሲአር ባይኖረውም፣ ሕመምተኛ ብሎ መቁጠር ጀመረ። በአንድ ቀን 14,840 አዲስ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከእነሱ 13,332ቱ የተቆጠሩት በዚህ መንገድ ነው። ዓለም ደነገጠ። የተለወጠው ግን አቆጣጠሩ ነበር፤ ቫይረሱ በአንድ ሌሊት አልተባዛም። ከሳምንት ገደማ በኋላ ቆጠራው ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰ።

በዚያው ወር ከዉሃን የወጣ አንድ ጥናት ክርክሩን አቀጣጠለው። 1,014 ሰዎች ሲቲም ፒሲአርም ተደርጎላቸዋል። ፒሲአር ቫይረሱን ያገኘባቸው 601 ናቸው። ከእነሱ 580ው፣ ማለትም 97 በመቶው፣ በሲቲም ምልክት ነበራቸው። «ሲቲ 97 በመቶ ይይዛል» የሚለው አርዕስት ዓለምን ዞረ።

አርዕስቱ ውሸት አይደለም። ግማሽ ነው። ፒሲአር ቫይረስ ካላገኘባቸው 413 ሰዎች መካከልም 308ቱ ሲቲያቸው ምልክት አሳይቷል። በዚህ ስሌት ሲቲው በትክክል «የለም» ያለው ለ25 በመቶው ብቻ ነው። አንድ ምርመራ ሁለት ዓይነት አቅም አለው። ያለውን የመያዝ አቅምና የሌለውን የመተው አቅም። ሁሉንም የሚያስር ፖሊስ ሌባው አያመልጠውም፤ ጎረቤቱ ግን አብሮ ይታሰራል።

ይህን ወረርሽኙ ወዳልበረታበት ከተማ እንውሰደው። 1,000 ሰው እየሳለ መጣ እንበል፤ ቫይረሱ ያለባቸው 50 ናቸው። በእነዚህ ቁጥሮች ከሄድን ሲቲው ከ50ዎቹ 48 ገደማ ይይዛል። ከቀሩት 950 ደግሞ ወደ 710 የሚሆኑትን «አለባችሁ» ይላቸዋል። እነሱ ከእውነተኛ ሕሙማን ጋር አንድ ዋርድ ቢተኙ ቫይረሱን የሚይዙት እዚያ ነው።

የዉሃን ሐኪሞች የነበራቸው መከራከሪያም ቀላል አልነበረም። አንደኛ፣ ፒሲአር ራሱ ይስታል፤ ናሙናው በደንብ ካልተወሰደ ወይም ጊዜው ካለፈ ቫይረስ ያለበትን ሰው «ነፃ» ይላል። ስለዚህ ከ308ቱ የተወሰኑት በእርግጥም ታመው ሊሆን ይችላል፤ 25 በመቶ የሚለውም ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በወቅቱ በዉሃን ሳንባ ምች ይዞ የመጣ ሰው ኮቪድ የመሆን ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነበር። እዚያ፣ ያኔ፣ ሲቲውን ማመን ምክንያት ነበረው። ስሕተቱ ያንን ውሳኔ ቦታና ጊዜ ወዳልገጠመለት አገር መገልበጥ ነው።

የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ ማርች 11 ቀን 2020 ሲቲ ለመለየትም ሆነ እንደ መጀመሪያ ምርመራ አይዋል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በጁን ባወጣው ምክር መሃል መንገድ ያዘ። ፒሲአር ካለና ውጤቱ በጊዜ ከደረሰ ምስል ለመሰየም አያስፈልግም። ፒሲአር ከሌለ፣ ከዘገየ፣ ወይም ጥርጣሬው ጠንክሮ የመጀመሪያው ውጤት «ነፃ» ካለ ግን ምስል ሊረዳ ይችላል። ምርመራ በቅጡ ለማይዳረስባቸው አገሮች ይህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይበልጥ ይሠራል።

ቀኑ ወሳኝ ነው

ምስል መቼ ተነሣ የሚለው ምን አሳየ ከሚለው እኩል ያስፈልጋል። ከቻይና በተሰበሰበ የ121 ሕሙማን ጥናት ላይ፣ ምልክት በጀመረ በሁለት ቀን ውስጥ ሲቲ ከተነሡት 56 በመቶው ሳንባቸው ንጹሕ ነበር። ዛሬ ሳል ጀምሮት ማታውን ሲቲ የተነሣ ሰው «ንጹሕ ነኝ» ቢል ምስሉ አልዋሸም፤ ጉዳቱ ገና አልደረሰም። ጭጋጉ በአማካይ የሚበረታው በ10ኛው ቀን አካባቢ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ዳይመንድ ፕሪንሰስ በተባለችው መርከብ ላይ ኮቪድ ይዟቸው በሲቲ ከተመረመሩት ሰዎች መካከል 76ቱ ምንም ምልክት አልነበራቸውም። 54 በመቶዎቹ ግን ሲቲያቸው ላይ ጭጋግ ታየ። ሳይታመሙ ነጭ ያለበት ሳንባ ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ያንን ሲቲ ባያየው ይሻለው ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

አልጋ ላይ ላለ ሰው ምስል ለምን ይጠቅማል?

እስካሁን ያለው ስለ መሰየም ነበር። ሆስፒታል ለተኛ ሰው ግን ጥያቄው ይለወጣል። ቫይረሱ ተለይቷል እንበል። ሐኪሙ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ትናንት ደህና ያደረ ሰው ዛሬ ለምን ትንፋሽ አጠረው?

የዕለት ተዕለቱን ውሳኔ የሚመራው ምስል አይደለም። ኦክስጅን ነው። ጣት ላይ የምትቆነጠጠው ትንሽ መሣሪያ፣ ኦክሲሜትር፣ የምትሰጠው ቁጥር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ከ90 በመቶ በታች የሆነውን ከባድ ሕመም ይለዋል። በጁን 2020 ውጤቱ ይፋ የሆነው «ሪከቨሪ» የተባለው የእንግሊዝ የመድኃኒት ሙከራ ይህን አጉልቶ አሳየ። ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ባሉት ላይ ሞትን በሲሶ፣ ኦክስጅን ብቻ በሚወስዱት ላይ በአምስተኛ ያህል ቀነሰ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን አልጠቀመም። መድኃኒቱን ለማን ልስጥ የሚለውን የወሰነው የሳንባው ንጣት ሳይሆን የትንፋሹ ሁኔታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ኦክሲሜትር በጥቁር ቆዳ ላይ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ የማንበብ ዝንባሌ አለው። በዲሴምበር 2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 እያነበበላቸው ደማቸው ሲለካ ከ88 በታች የሆኑት ከጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ እንደነበሩ አሳየ። ቁጥሩ 93 ሆኖ ሰውየው እያጣጣረ ከሆነ የሚታመነው ሰውየው ነው።

ወደ ምስሉ እንመለስ። የተኛ ሰው ራጅ የሚነሣው እንደ ጤነኛ ቆሞ አይደለም። ባለሙያው ጎማ ያለውን ማሽን እየገፋ ወደ አልጋው ይመጣል። ነርሷ ታካሚውን ከትራሱ ቀና ታደርገዋለች፤ ቀዝቃዛው ሰሌዳ ከጀርባው ይገባል። «ትንፋሽ ሳብ፣ ያዝ» ይባላል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ስቦ መያዝ አይሆንለትም። በግማሹ ሳለ ፎቶው ይነሣል። በደንብ ያልተነፋ ሳንባ ከእውነቱ ይበልጥ ነጭ ይመስላል። ጨረሩ ከፊት ስለሚመጣ ልብም ከልኩ በላይ ሰፍቶ ይታያል። የኦክስጅን ቱቦውና የልብ መከታተያ ሽቦዎቹ በላዩ ላይ ተጋድመዋል። ትናንት በደንብ ስቦ፣ ዛሬ በግማሽ ትንፋሽ የተነሣ ሰው «ባሰበት» ሊባል ይችላል፤ የተለወጠው ግን ትንፋሹ ነው።

እንዲያም ሆኖ ይህ ፎቶ ሕይወት የሚያድንበት ጊዜ አለ። ሳንባው ተበስቶ አየር በደረት ውስጥ ሲጠራቀም ያሳያል። ወደ ጉሮሮ የገባው ቱቦ ቦታውን ስቶ ወደ አንዱ ሳንባ ብቻ መግባቱን ያሳያል። ትናንት ያልነበረ ድፍን ነጭ በአንድ ወገን ከወጣ፣ በቫይረሱ ላይ ባክቴሪያ ተደርቧል ብሎ ለመጠርጠር ይረዳል። ሁሉም «ምን ተለወጠ?» ለሚለው ጥያቄ መልሶች ናቸው።

ሲቲ የሚገባውም እዚህ ነው። ኦክስጅኑ በድንገት ከወረደና ራጁ ያልተለወጠ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ደም ሥር ይሄዳል። በ2020 በኔዘርላንድስ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በተኙ 184 የኮቪድ ሕሙማን ላይ በተሠራ ጥናት 31 በመቶው የደም መርጋት ችግር ገጥሟቸው ነበር፤ አብዛኛው በሳንባ የደም ሥር ነው። የረጋ ደም በተራ ራጅ አይታይም። በደም ሥር ማቅለሚያ እየተሰጠ የሚነሣ ሲቲ ግን ያሳየዋል። ያ ውጤት በዚያው ቀን የመድኃኒቱን መጠን ይለውጣል።

ዋጋም አለው። ማቅለሚያው የተዳከመ ኩላሊትን ሊያስቸግር ይችላል። ኦክስጅን ላይ ያለን ሰው ከአልጋ አንሥቶ፣ ሲሊንደር አስይዞ፣ በሊፍት አውርዶ ማሽኑ ውስጥ ማስተኛት ራሱ አደጋ ነው። ውጤቱ ሕክምናውን የማይለውጥ ከሆነ መንገዱ ትርፉ ድካም ነው።

ታዲያ ራጅ በየቀኑ ይነሣ? ብዙ ክፍሎች የጠዋት ራጅን እንደ ልማድ ይዘውት ኖረዋል፤ «ምናልባት ያመለጠን ነገር ካለ» በሚል። በ2009 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት በ21 ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሁለቱን አሠራር አነጻጸረ። ምክንያት ሲኖር ብቻ የተነሣበት አሠራር የራጁን ቁጥር በ32 በመቶ ቀነሰ፤ በታካሚዎቹ ላይ የተለየ ጉዳት አልታየም። ልማድ በቀላሉ አይለቅም እንጂ ክርክሩ ከሞላ ጎደል አልቋል።

አልትራሳውንድ፦ ሳይጠበቅ የመጣው

ድምፅ በአየር ስለሚበተን ሳንባን በአልትራሳውንድ ማየት አይቻልም ሲባል ኖሯል። እውነት ነው፤ ሳንባው ጤነኛ ከሆነ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዳንኤል ሊክተንስታይን ነገሩን ገለበጠው። ጤነኛው ካልታየ፣ የሚታየው ነገር የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። በ2008 ትንፋሽ አጥሯቸው በመጡ 260 ሰዎች ላይ በሠራው ጥናት መንስኤውን በ90 በመቶ ገደማ በትክክል ለየ።

አሠራሩ በቅርበት እንዲህ ነው። ሐኪሙ ጄል የተቀባውን መፈተሻ በጎድን አጥንቶች መሃል ያደርጋል። ስክሪኑ ላይ ሳንባ ሲተነፍስ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት አንድ ደማቅ መስመር ይታያል። ሳንባው ፈሳሽ ከያዘ ከዚያ መስመር ወደ ታች ቀጥ ያሉ ነጭ ጨረሮች ይወርዳሉ። በበር ክፍተት የሚገባ የጠዋት ፀሐይ ይመስላሉ። በዝተው ከተቀላቀሉ ፈሳሹ ጨምሯል ማለት ነው። አልትራሳውንድ እንደ ራጅና ሲቲ ያለ ጨረር የለውም፣ አልጋው ድረስ ይመጣል፣ በየቀኑ ቢደገምም አይጎዳም።

ጉድለቱ እስከ ሳንባው ዳር የደረሰ ጉዳትን ብቻ ማየቱ ነው። የሚያየውም እጅ የለመደ መሆን አለበት። የቫይረስ ሳንባ ምች ግን ዳር ዳሩን ስለሚወድ ለዚህ በሽታ ይስማማዋል። ሲቲ በሌለበት ሆስፒታል፣ የሠለጠነ ሰው ከተገኘ፣ ከሁሉ የሚያዋጣው ይህ ይመስለኛል።

«አንድ ሲቲ ስንት ራጅ ነው?»

በሜይ 3 ቀን 2021፣ ሕንድ ዴልታ በተባለው የኮቪድ ዝርያ ማዕበል ውስጥ ሳለች፣ የዴልሂው ኤምስ ሆስፒታል ዳይሬክተር ራንዲፕ ጉሌሪያ ሕዝቡን አስጠነቀቁ። ቀላል ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ ሲቲ እየተነሣ ነው፤ አንድ ሲቲ ከ300 እስከ 400 ራጅ ያህል ጨረር አለው አሉ። የሕንድ ራዲዮሎጂስቶች ማኅበር ተቆጣ። ይህ የድሮ ቁጥር ነው፣ ዘመናዊው ዝቅተኛ ጨረር ሲቲ ከ5 እስከ 10 ራጅ ብቻ ያክላል ሲል መለሰ።

ሕዝቡ ማንን ይመን? ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ ቦታ አልተቆጠሩም። የተለመደ የደረት ሲቲ ከ6 እስከ 7 ሚሊሲቨርት ይሰጣል። (ሚሊሲቨርት ጨረር በሰውነት ላይ የሚያሳድረው ጫና መለኪያ ነው፤ ማንም ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት ከ2 እስከ 3 ያህል ያገኛል።) ከፊት ብቻ የተነሣ አንድ የደረት ራጅ 0.02 ነው። 7ን ለ0.02 ያካፍሉ፤ 350 ይመጣል። ከፊትና ከጎን የተነሣ የራጅ ምርመራ ግን ወደ 0.1 ይጠጋል። ጨረሩ የተቀነሰ ሲቲ ደግሞ 1.5 አካባቢ፣ አንዳንዱም ከዚያ በታች ነው። እነዚህን ሲያካፍሉ ወደ ማኅበሩ ቁጥር ይወርዳሉ። ቁም ነገሩ ማሽኑ እንዴት ተስተካክሏል የሚለው ነው።

ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ የደም መርጋት ለመፈለግ ለሚነሣ ሲቲ የጨረሩ ስጋት ከጥቅሙ ጋር አይወዳደርም። የጉሌሪያ ዋና ነጥብ ግን የጨረሩ ቁጥር አልነበረም፤ ክርክሩ ውስጥ ተቀበረ እንጂ። በሕንድ ከ25 የሚሰጥ የሲቲ ነጥብ ተስፋፍቶ ነበር። አምስቱ የሳንባ ክፍሎች እያንዳንዳቸው እስከ 5 ይሰጣቸዋል። ኦክስጅኑ 97 የሆነ ሰው «9 ከ25» የሚል ወረቀት ይዞ ይደነግጣል። ስቴሮይድ ይጀምራል። በዚያ ደረጃ ስቴሮይድ እንደማይጠቅም ከላይ አይተናል፤ እሳቸውም የፈሩት ይህንኑ ነበር።

ኮምፒውተሩስ?

በ2020 ራጅና ሲቲ አይቶ ኮቪድን የሚለይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየቀኑ ይታወጅ ነበር። በ2021 የታተመ ግምገማ ከ2,212 ጥናቶች ጀምሮ አጣርቶ 62 ላይ ደረሰ። ለሕክምና የሚበቃ አንድም አላገኘም። ከምክንያቶቹ አንዱ ያስቃል። ብዙዎቹ «ኮቪድ የሌለበት» ብለው ለኮምፒውተሩ ያሳዩት ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሆኑ ሕፃናትን ራጅ ነው። ኮቪድ ያለባቸው አዋቂዎች ናቸው። ኮምፒውተሩ በሽታ ለየ ሲባል ሕፃንን ከአዋቂ እየለየ ነበር።

ይህ ማለት ቴክኖሎጂው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ የቲቢ ራጅ በኮምፒውተር እንዲነበብ ፈቅዷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትዕግሥት ነው። የቲቢው በሰፊው ተፈትኖ ነው የመጣው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠውም የአክታ ምርመራ ነው።

እኛ ዘንድ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገለጸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. (ማርች 13 ቀን 2020) ነው። ከዚያ ወዲህ «ሲቲ ተነሥተህ ና» የሚለው ትእዛዝ በከተማ ተለምዷል። ማሽኑ ብዙውን ጊዜ ከሆስፒታሉ ውጭ፣ በግል የምርመራ ማዕከል ነው ያለው፤ ከፋዩ ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነውር የለውም፦ «ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን ያደርጋሉ? እንዲያ ቢሆንስ?» ለሁለቱም መልሱ አንድ ከሆነ ነገ ይደረስበታል። «የደም መርጋት ካለ መድኃኒቱን እለውጣለሁ» ካሉ ግን አሁኑኑ ነው።

ከሆስፒታል መውጣትም የምስሉ መጨረሻ አይደለም። ሰውየው ድኖ፣ በልቶ፣ ደረጃ እየወጣ ሳንባው ገና ነጭ ሊሆን ይችላል። ምስል ከሰውየው ኋላ ይጎተታል። የእንግሊዝ የደረት ሐኪሞች ማኅበር በኮቪድ ሳንባ ምች ተኝቶ የወጣ ሰው በ12ኛው ሳምንት አካባቢ ራጅ እንዲነሣ ይመክራል። ከዚያ በፊት በየሳምንቱ መነሣት ጭንቀት ከመጨመር ያለፈ ፋይዳ የለውም፤ ሕመሙ ካልተመለሰ በቀር። በ12ኛው ሳምንት ነጩ ካለ ግን ጠባሳ ወይም መጀመሪያውኑ የነበረ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም መፈተሽ አለባቸው።

ራዲዮሎጂስቱ ያኔ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የድሮው ፊልም የታለ?» ብሎ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በቲቢ የቀረ ጠባሳ ዛሬ ከመጣ ጭጋግ የሚለየው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲያዙ ነው። ያ ትልቅ ፖስታ በብዙ ቤት ከቁም ሣጥን ላይ ወይም ከፍራሽ ሥር ይገኛል። አቧራውን አራግፎ ይዞ መሄድ አዲስ ሲቲ ሊያስቀር ይችላል።